በካባ ስር ያለ እሳት

ከዚር ዋኒ የተባለው ሽማግሌ ፍራሹ ላይ ደሙ ፈሶ ሞቶ ተገኘ። ጭኑ ላይ እጅ የሚያስገባ ቁስል አለ። የስሪናጋር ከተማ ሰው ክረምቱን ሙሉ ከካባው ስር አቅፏት የሚውላት ካንግሪ፣ ያቺ የፍም ማሰሮ፣ አጠገቡ ተገልብጣለች።

እህቱ ዙኒ ለቅሶዋን ሳትጨርስ ጣቷን ወደ ምራቱ ቀሰረች።

«ፖሻ ናት! ማታ ተጣልተው ነበር። ተኝቶ ሳለ ፍሙን ደፋችበት!»

ፖሻ የሚጠባ ልጇን ታቅፋ ወህኒ ልትወርድ ሆነ። ባሏ አልታፍ እንኳ ዓይኑን አሸሸባት፤ ከዚህ የከፋ ምን አለ?

የዶክተር ራፊቃ ሥራ ከቆዳ የተቆረጠች ቅንጣት በማይክሮስኮፕ እያዩ የካንሰሩን ዓይነት መለየት ነው። ከሟቹ ቁስል የመጣላትን ቅንጣት ደጋግማ አይታ፣ ፖሊሱን አስከትላ ወደ ቤቱ ሄደች።

«እዚህ ቤት ሱፍ የሚፈትል ማነው?» አለችው አልታፍን በር ላይ።

«አክስቴ ብቻ። ምነው ዶክተር፣ በዚህ ቀን ሻርፕ ሊያዙ ነው?»

ገብታ ቤተሰቡን ሁሉ ሰበሰበች።

«ቃጠሎ አይደለም» አለች። «ቃጠሎ ሥጋን ይገድላል፤ ይህ ግን ያበደ ሥጋ ነው። የካንግሪ ሙቀት በብዙ ክረምት ያበቀለው ካንሰር። ሥር ሰዶ የደም ሥሩን በሳው። ማሰሮዋን ሲያጣጥር ራሱ ነው የገለበጣት።»

«ማንም አልገደለውማ!» አለ ፖሊሱ።

«ቁስሉ ውስጥ የሱፍ ክር አለ፤ ሥጋው ዙሪያውን ከቦ ይዞታል። የትናንት ክር እንዲህ አይሆንም። ቁስሉን እያወቀ በሱፍ ሲያስርለት የኖረ ሰው አለ።»

ሁሉም ወደ ዙኒ ዞሩ።

«አስምሎኝ ነው!» ብላ ጮኸች። «እግሬን ይቆርጡኛል ብሎ አስማለኝ። ዐውቅ ነበር ብል እኔ ገደልኩት ማለት አይደል?»

«ስለዚህ እኔን አሳልፈው ሰጡኝ» አለች ፖሻ።

ራፊቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ዙኒ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ከገባሁ ጀምሮ በአንድ ጎንዎ ብቻ ነው የተቀመጡት። የካንግሪዎ ፍም ጠፍቶም ካባዎን አልለቀቁም። የእርስዎንስ ቁስል ማን ያስርልዎታል?»

አሮጊቷ አንገቷን ደፋች። «ራሴው።»

ፖሻ ልጇን ለባሏ አስታቅፋ፣ ከዙኒ እግር ስር ተንበረከከች። «ያሳዩኝ፣ አክስቴ።»

ካባው ተገለጠ። ራፊቃ ማይክሮስኮፕ አላስፈለጋትም።