ያለቀለት ስቴት

«አባቢ፣ ሜሪላንድ እኮ ያለቀለት ነው» አለች ሰጂዳ፣ አባቷ ጀላልዲን መስታወት ፊት ቆሞ ከረባቱን ሲያስር።

የ2008ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ቀን ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ጀላልዲን ባለፈው ሐምሌ ዜግነቱን አግኝቶ ዛሬ ገና የመጀመሪያውን ድምፅ ሊሰጥ ነው፤ ታክሲውንም ለዚሁ ብሎ አቁሟል።

ሰጂዳ ሰሞኑን ክፍል ውስጥ የተማረችውን ሁሉ ዘረገፈችለት። አንድን ስቴት ያሸነፈ የግዛቱን ድምፅ በሙሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። ሜሪላንድ ባለፉት አራት ምርጫዎች ድምፅዋን ለዴሞክራቶች ነው የሰጠችው፤ ዘንድሮም ያው ነው። ወንዙን ተሻግሮ ያለችው ቨርጂኒያ ደግሞ አሥር ምርጫ ሙሉ ከሪፐብሊካኖች ንቅንቅ አላለችም፤ ዘንድሮ ግን ልትገለበጥ ትችላለች እየተባለ ነው። ስለዚህ ዋናው እዚያ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው አክስቷ የሉባባ ድምፅ ነው። ሉባባ ደግሞ መንታ ልጆቿን የሚይዝላት ሰው አጥታለች።

ጀላልዲን በጥሞና አዳመጣት። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የባንኩንም የኢሚግሬሽኑንም ደብዳቤ የምታነብለት እሷ ናት፤ የአሜሪካ ነገር ከሆነ ሰጂዳን ያምናል። ከረባቱን ፈታና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ልጆቹን እንድትይዝ ሰጂዳን ሉባባ ቤት አድርሷት ወደ ሥራ ሊሄድ ነበር፤ መንታዎቹ አልለቀቁትም። ሉባባ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፋ፣ መርጣ አመሻሽ ላይ ስትመለስ አባትና ልጅ ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተዘርረው አገኘቻቸው። አገላብጣ ሳመቻቸው፣ መረቀቻቸው። ከዚያ ወንድሟን መቼ እንደመረጠ ጠየቀችው።

«እኔ እንኳ አልመረጥኩም» አላት ጀላልዲን። «የኛ ስቴት ያለቀለት ነው። ሰጂዳ አጥንታዋለች።»

በኩራት ነበር ያለው። የሰጂዳ ፊት ጋለ። ከነገረችው ውስጥ አንዱም ስህተት አልነበረም፤ አባቷ ግን ስንት ዓመት የጠበቀውን ቀን እሷን ብሎ ትቶታል። እንዲህ የሚያምናት አባት ስላላት አላህን አመሰገነች፤ በዚያው ልክ አፈረች።

«አባቢ፣ ተነስ። እዚህ ምርጫው ሰቨን ላይ ነው የሚዘጋው፣ የኛ ኤይት ነው። እንደርሳለን።»

«ምንም አይለውጥም አላልሽም እንዴ?»

«ብያለሁ። ግን አንተን ማስቀረት አልነበረብኝም። ሶሪ።»

ቤልትዌይ የሚባለው የቀለበት መንገድ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ሰፈራቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ምርጫ ጣቢያ ሲደርሱ ለመዘጋት ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀርቷል። ጀላልዲን በሩ ላይ ቆም አለና ግንባሯን ሳማት።

«አላህ ይስጥልኝ፣ ልጄ። ነይ እንጂ፣ የቱን እንደምጫን ታሳዪኛለሽ።»

ሰጂዳ አንድ እግሯን አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አሳረፈችው።

«አንተው ታውቀዋለህ» አለችው። «እዚሁ እጠብቅሃለሁ።»