ጫፏ የታጠፈች ፕላስተር

መርማሪው ሁሉንም ሲጠይቅ እኔን አልጠየቀኝም። የተማሪዋን ሬሳ ያገኘሁት እኔ፣ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ ሙከራ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ያጸዳሁት እኔ፤ እሱ ግን ባልዲዬን ተሻግሮ አለፈ። መወልወያ የያዘ ሰው ዓይን የሌለው ይመስላቸዋል።

ልጅቷን በምሳ ሰዓት ከማቀዝቀዣው ጋን አጠገብ ወድቃ ነው ያገኘኋት። የጋኑ ፈሳሽ ሲተን አየሩን ገፍቶ ያስወጣል፤ ሰው ሳይጮህ ያሸልባል። ለዚህ ነው ግድግዳው ላይ ሳጥን የሰቀሉት፦ አየር ሲሳሳ ይጮሃል፣ ትልቁን ማራገቢያም ያስነሳል። ያን ቀን ዝም አለ።

ሥራዋን አስረድታኝ ነበር። «እማማ፣ ይሄ ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ነው። አንድ ገጽ እስኪቀር በፕላስተር እልጠዋለሁ። ሁለት ገጽ ደራርቤ ሳቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩ ሳይደክም ይሄዳል፤ ያኔ መለኪያው ላይ ድካሙን የሚያሳየው መስመር ዜሮ ይነካል።»

«እንግዲያው እኔንም አቀዝቅዢኝ» አልኳት። ሳቀች። ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፣ ምሳዋን እየበላች።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሌሎች ሦስት ናቸው። ጋኑን የሚሞላው ቴክኒሻን ሳጥኑ ጠዋት ደህና እንደነበር ማለ። አብራት የምትማረው ጓደኛዋ ተኳርፈው እንደነበር እያለቀሰች አመነች። ፕሮፌሰሩ ራሱን ነቅንቆ፣ ልጅቷ ችኩል ነበረች፣ ጋኑን ሳትከድን ቀርታ ይሆናል አለ። መርማሪው «በራሷ ቸልተኝነት» ብሎ ጻፈ። እናቷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ይህን ሰማች። አላለቀሰችም፤ አንገቷን ደፋች። ያ ነው አንጀቴን የበላው።

«አንተ ልጅ፣ ና እዚህ» አልኩት መርማሪውን።

መጣ። ሞኝ አልነበረም። ጨርቄን ሳጥኑ አየር በሚስብበት ቀዳዳ ላይ ሳስኬደው የሚያጣብቅ ነገር ያዝ አደረገው። በጣቱ ነካ፤ ተጣበቀ።

«ፕላስተር ነበረበት» አለ።

«ነበረበት። አሁን ቆሻሻውን ማን እንደሚሰበስብ ጠይቀኝ።»

የየክፍሉን ቆሻሻ ለብቻ ነው የማስረው፤ ከሞተችበት ቀን ወዲህ ለመድፋት ልብ አላገኘሁም ነበር። እስሩን አብረን ፈታን፤ አንዲት ቁራጭ ፕላስተር አገኘን። ከዚያ መርማሪው ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱንም ሰበሰበ።

ቀዳዳው ከተሸፈነ ሳጥኑ አየር መሳሳቱን አያውቅም፣ ማራገቢያውም አይነሳም አላቸው። ማራገቢያው እንዳይነሳ ማን ይፈልጋል? ንዝረቱ ልኬቱን የሚያበላሽበት ሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ «እማማ፣ ይንገሯቸው።»

ነገርኳቸው። ቴክኒሻኑ ፕላስተር በመቀስ ይቆርጣል። ጓደኛዋ በጥርሷ፤ ጫፉ እንደ መጋዝ ይሆናል። ጥፍሩን ስለሚበላ መላጥ ይቸግረዋልና ጫፏን እንደ ጆሮ አጥፎ የሚለጥፍ አንድ ሰው ነው፤ ይህችም ከእሱ ቢሮ ቅርጫት ወጣች። ስጮህ ቀድሞ የደረሰው፣ ዘበኛ ጥሪ ብሎ ከክፍሉ ያስወጣኝም እሱ ነው፤ ያኔ ነው ከሳጥኑ ላይ ያነሳት።

ፕሮፌሰሩ ጣቶቹን ደበቀ። «ለሁለት ሰዓት ብቻ ነበር» አለ። «ማራገቢያው በተነሳ ቁጥር መስመሩ ይረበሻል። ላነሳው ነበር። አልነገርኳትም።»

ጓደኛዋ ቀና አለች። «ፕሮፌሰር፣ መስመሩ ዜሮ ነካ?»

«ነካ» አለ። «ሲነካ እየለካች የነበረችው እሷ ናት።»

መርማሪው ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«ያንን ‹ቸልተኝነት› የሚለውን ሰርዝ። ሰርዘህ ኮሪደር ውጣና እውነተኛውን ለእናቷ ጮክ ብለህ አንብብላት። እኔ ከኋላህ ቆሜ ጽሑፉን አያለሁ፤ ልጇ ፊደል አስቆጥራኛለች።»