የትርንጎ ጉበት ዘብ

ትርንጎ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ ጉበቷን ሰላም ትላለች።

«እንዴት አደርክ?»

«ይመስገን፣ ሁሉ ሰላም ነው» የሚል ድምፅ ከጆሮዋ ጀርባ ይመልስላታል። ወዲያው የመድኃኒት ሣጥኗ ይከፈታል፤ ክኒኗን ውጣ መርከቧን ልትነዳ ወደ ወደቡ ትወርዳለች።

በአባያ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ ይህ ማንንም አያስገርምም። መልስ የሚሰጣት «ጉበት ዘብ» የሚባለው ማሽን ነው። ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ነው፤ ጉበት ውስጥ ተቀምጦ የተጎዱ ሕዋሳት ወደ ደም የሚለቁትን ኢንዛይም ይለካል፤ ከጆሮዋ ጀርባ በተለጠፈች መሣሪያም ይሰማል፣ ይናገራል። ትርንጎ መልቲፕል ስክለሮሲስ አለባት፤ የሰውነት መከላከያ ጠላት ያጣ ይመስል የገዛ ነርቮቹን ሽፋን የሚልጥበት በሽታ ነው። አንድ ክረምት የቀኝ ዓይኗን ብርሃን ነጥቋት ነበር። ብርሃኑ ሲመለስ፣ ዳግም እንዳይሄድ የያዘላት ያ ክኒን ነው። ክኒኑ ግን ዓይኗን ሲጠብቅ ጉበቷን ሊጎዳ ይችላል፤ ዘቡ የተቀመጠውም ለዚሁ ነው፤ እሱ ካልፈቀደ ሣጥኑ አይከፈትም።

ያን ጠዋት ሣጥኑ አልተከፈተም።

«ምነው? እንዴት አደርክ?»

ዘቡ በጥያቄ መለሰ። «ቁርስ በልተሻል?»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! አንተን ያስቀመጡህ ሆዴን ልትጠብቅ ነው?»

«ወንድምሽ ደርበው ከጂንካ ቶሎ መድረስ ይችላል?»

ትርንጎ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ። ዘቡን ወደተከለላት ወደ ዶክተር ሐሩን ደወለች።

«ተበላሽቶ ይሆናል» አላት። «ነገ በማለዳ እመጣለሁ። እስከዚያው ሣጥኑን እንዳትነኪው።»

አልነካም ማለት ቀላል ነው። ሲመሻሽ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በቀኙ ወደ ወደቡ አየች። መብራቶቹ አሉ። ነገስ ይኖራሉ? ፍርሃቱ አላስችል ሲላት ቢላዋ አንሥታ የሣጥኑን መዝጊያ መፈልቀቅ ጀመረች።

«እባክሽ» አለ ዘቡ። «እስከ ነገ ብቻ ታገሺኝ።»

ማሽን ሲለምን ሰምታ አታውቅም። ቢላዋውን አስቀመጠች።

ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ እትዬ ዝናሽ ገቡ፤ በሰማይ ታክሲ ሲበር ያደረው ደርበው ተከተላቸው፤ በመጨረሻም ሐሩን ደረሰ። ግራና ቀኝ ተቀመጡና መሬት መሬቱን አዩ። የእናቷን መርዶ የሰማችው እንዲህ ባለ ጠዋት፣ እንዲህ ባለ አቀማመጥ ነበር።

«ማን ሞተ?»

«እኛስ መች አወቅን፣ ልጄ» አሉ እትዬ ዝናሽ። «ማለዳ ኑላት፣ ብቻዋን ናት የሚል መልእክት ደረሰን።»

ያን ጊዜ ዘቡ ሁሉም እንዲሰሙት በቤቱ ድምፅ ማጉያ ተናገረ። «የጠራኋችሁ እኔ ነኝ፤ ማንም አልሞተም። ጉበትሽ ተጎድቷል፤ የጎዳው ክኒኑ ነው። ሣጥኑን የዘጋሁት ለዚህ ነው። እባካችሁ ያዟት።»

ደርበው ክንዷን ያዘ።

ሐሩን ደሟን ወስዶ መረመረ። ዘቡ አልተሳሳተም። «ክኒኑ በጊዜ ቆሟል» አለ። «ጉበት ደግሞ ብርቱ ነው፣ ያገግማል። ሲያገግም ሌላ መድኃኒት እንጀምርልሻለን። ዓይንሽን ያለ ጠባቂ አንተወውም።» ትርንጎ ሆዷ ባብቶ አለቀሰች። ሐሩን ግን ገና አልረካም። «ለምን ትናንት አልነገርካትም? ይህን ማን አስተማረህ?»

«የእናቷ መርዶ በተነገረ ዕለት ጆሮዋ ላይ ነበርኩ» አለ ዘቡ። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር፤ ማንም ግን ሮጦ አልነገራትም። ቁርሷን አበላችኋት። አጠገቧ ተቀመጣችሁ። ከዚያ ተነገራት። ስትወድቅ ወለሉን አልነካችም።»

ትርንጎን የሚያስፈራም የሚያስደስትም መደነቅ ወረራት። ጉበት ሊለካ የገባ ማሽን እነሱንም ሲለካ ኖሯል።

ሐሩን የደም ብልቃጡን ወደ ቦርሳው ከተተ። «ቢሆንም ዘብ መረጃ ማዘግየት አይፈቀድለትም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለው ዘብ ተነቅሎ...»

«ቆይ እስቲ ዶክተር!» አሉ እትዬ ዝናሽ። «እንዲህ በቁም ይነገራል?»

ሐሩን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ።

ዘቡ ይህን አቀማመጥ ያውቀዋል።

«ገባኝ» አለ። «እኔ እንኳን ቁርስ አልበላም።»

ትርንጎ እየሳቀችም እያለቀሰችም መዳፏን ከቀኝ ጎድኗ ሥር አሳረፈች።

«ባትበላም» አለችው፣ «ሁላችንም እዚሁ አጠገብህ ነን።»