የጋሽ ይልቃል የሣር መኪናዎች

«ስሚ! አሁንም!» አለች ሳህሊቱ፣ ጆሮዋን ከቆርቆሮው አጥር ሳታነሣ።

ሙሚናም ሰማች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጸጥ። እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ። ድምፁ የሚመጣው ከጋሽ ይልቃል ግቢ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ብረት የሚያንቀጫቅጭ ምን ዓይነት ሰው ነው?

«እናቴ ትሙት፣ መሣሪያ እያቀባበሉ ነው!»

«መሣሪያ አይደለም» አለች ሙሚና። «ድምፁን አውቀዋለሁ። የጠፋው የትምህርት ቤታችን የሣር መኪና ነው።»

ሳህሊቱ ዓይኗን አፈጠጠች። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው፤ ሳህሊቱ ደግሞ በወጣት ማኅበሩ ውስጥ የክፍሉ ተጠሪ ናት። ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። ያኔ አሰበ ተፈሪ ውስጥ ሰው ስኳር አብዝቶ ቢገዛ እንኳ «ለማን ይሆን?» ይባል ነበር። ጋሽ ይልቃል ደግሞ ለወሬ የተመቹ ናቸው። ከምድር ባቡር አትክልተኝነት ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ስብሰባ ላይ አይናገሩም፤ ከማንም ጋር ጫት አይቅሙም። ከቆራሌው ብረት ይገዛሉ እንጂ ለቆራሌው ብረት ሲሸጡ ያያቸው የለም።

የሣር መኪናው ነገር እንዲህ ነው። ሞተር የለው፣ ቤንዚን አይጠጣ፤ ሁለት የብረት ጎማ፣ በመሐላቸው የተጠማዘዘ ስለት፣ ከኋላ ረጅም የእንጨት እጀታ። ሲገፉት ስለቱ እየዞረ ሣሩን ይላጨዋል፤ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀጭ ቀጭ ይላል። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ተረስቶ ዝጎ ነበር። ዘንድሮ አዲሱ ዳይሬክተር አገኘውና ዘይት አስቀባው። የመሠረተ ትምህርት እንግዶች ስለሚመጡ ሜዳው እንደ ምንጣፍ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ልክ ሁለት ሳምንት እንደ ሠራ ጠፋ።

የጠፋው ደግሞ በሙሚና አያት በአካኮ ጂብሪል እጅ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እሳቸው ናቸው። ዳይሬክተሩ በአስተማሪዎች ፊት «እስከ ዓርብ ካልተገኘ ከሥራህ ትሰናበታለህ» አላቸው። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁትን በር! ዛሬ ሐሙስ ነው። ሙሚና ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ» አለች ሳህሊቱ። «አሁኑኑ ሄጄ ልናገር።»

«ቆይ! መጀመሪያ ገብቼ በዓይኔ ልየው። ባይሆንስ?»

ሳህሊቱ አሰበች። «እሺ፤ እስከ ነገ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ድረስ። ከዚያ ለማኅበሩ እናገራለሁ። አብዮት ጥበቃ ይዘው መጥተው ቤታቸውን ይበረብሩታል።»

ሙሚና ወደ ቤት ሮጠች። ጋሽ ይልቃል ለሰፈሩ ቢላዋና ማጭድ ይስላሉ፤ ያለ ሰበብ በራቸው አይከፈትም። የአያቷን ማጭድ ከግድግዳው ላይ አውርዳ ተመልሳ አንኳኳች። መቀርቀሪያው ብዙ ቆይቶ ተነሣ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይህን ማጭድ ይስሉልኛል?»

ጋሽ ይልቃል ረጅም፣ ከሲታ ሰው ናቸው። ማጭዱን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጫፉን ዳሰስ አደረጉና ቀና ብለው አዩዋት።

«ማክሰኞ የሳልኩትን ማጭድ ዛሬ ለምን ታመጪዋለሽ?»

ሙሚና ፊቷ ጋለ። ማክሰኞ? የሣር መኪናው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያ ማጭድ ሥራ ፈትቶ ዝጎ ነበር። አሁን ስታየው ያብለጨልጫል። ማን አሳለው? ለምን? መልስ ከማግኘቷ በፊት ግን ዓይኗ ከሽማግሌው ትከሻ ኋላ ወዳለው ዳስ ሄደ። ጎማ። እጀታ። ስለት።

«ማየት ፈልገሽ ነው የመጣሽ» አሉ ጋሽ ይልቃል። አልተቆጡም። «ግቢ እንግዲህ። ከአጥር ሥር ከመቆም ይሻላል።»

አምስት የሣር መኪናዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ዘይት ጠጥተዋል፤ ሁሉም አሮጌ ናቸው። ሙሚና የምትፈልገውን ለማግኘት አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። ሽማግሌው ግን ለእንግዳ ቤት እንደሚያስጎበኝ ሰው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«ይኼ ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የመጣ ነው፤ ፈረንሳዮቹ ያመጡት። እኔ እንኳ ሳልወለድ ይሠራ ነበር። ይኼኛው የድሮው አውራጃ ገዥ ግቢ ውስጥ የነበረ ነው። ያንን ደግሞ ገለምሶ የነበረ ግሪክ፣ የቡና ነጋዴ፣ አገሩ ሲገባ ሰጠኝ። በጫት መኪና ጭኜ ነው ያመጣሁት፤ ሰው ሁሉ መትረየስ መስሎት ሸሸኝ!» ብለው ሳቁ። «ግሪኩ ሲያጫውተኝ፣ መጀመሪያ የሠራው እንግሊዝ አገር ያለ ሰው ነው አለኝ፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት። ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቁን ጸጉር የሚላጭ መኪና አለ አሉ። እሱን አየና ‹ጨርቅ የላጨ ሣር አይላጭም ወይ?› ብሎ አሰበ። እስከዚያ ድረስ እንግሊዝም እንደኛው በማጭድ ነበር የሚያጭደው።»

«ለምንድን ነው የሚሰበስቧቸው?» አለች ሙሚና፤ ጥያቄው ሳታስበው አመለጣት።

«ሠላሳ ዓመት ገፋኋቸው፣ ልጄ። ሣሩን ያጨድኩት እኔ፣ የተቀመጠበት ሌላ ሰው። ቆራሌው እጅ ከገቡ ቀልጠው ድስት ይሆናሉ። አላስችል አለኝ።»

ሙሚና ልቧ ሊራራ ሲል በዳሱ ጥግ ጆንያ የለበሰ ስድስተኛ ነገር አየች። ዘላ ጆንያውን ገፈፈችው። አረንጓዴ ቀለም። እጀታው ላይ በነጭ የተጻፈ የትምህርት ቤቱ ቁጥር።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች። «አያቴ በእርስዎ የተነሣ ሊባረሩ ነው! አያፍሩም?»

ጋሽ ይልቃል ጆንያውን አንሥተው ቀስ አድርገው መልሰው አለበሱት።

«አደራ ነው» አሉ። «ያስቀመጠው ሰው ሲመጣ ይወስደዋል።»

«ማን ነው ያስቀመጠው?»

«ሆድ ይፍጀው።»

«ነገ አብዮት ጥበቃ ቢመጣስ? እነሱንም ሆድ ይፍጀው ይሏቸዋል?»

«እነሱንም።»

ሙሚና ልትጮህ አፏን ከፍታ ቀረች። ጆንያው ያልሸፈነው እጀታ ላይ ገመድ ታስሯል። ገመዱ የተገመደው ከቃጫና ከቀይ ጨርቅ ነው። ቀዩ ጨርቅ የእሷ አሮጌ ሻርፕ ነው። አካኮ ጂብሪል ባለፈው ዓመት ሻርፑን ቀድደው የሣር መሸከሚያ ገመድ ሲገምዱበት፣ እሷ ናት ጫፉን ይዛ የቆመችው።

ከግቢው እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ማጭዱን እንኳ ጋሽ ይልቃል ናቸው በር ድረስ ተከትለው ያስያዟት።

አካኮ ጂብሪል ከቤቱ ጓሮ ላማቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ሣር ይፈታሉ። ረጅም፣ ለምለም የትምህርት ቤት ሣር፣ መኪናው ገና ያልደረሰበት። ሙሚና ትናንትም ይህንኑ ሣር አይታ ነበር፤ ግን ማን አያቱን ይጠረጥራል?

«አካኮ፣ የሣር መኪናውን ጋሽ ይልቃል ቤት አየሁት። በገመድዎ ታስሯል።»

የሽማግሌው እጅ ሣሩ ላይ ቆመ።

«የሜዳው ሣር የዘበኛው ነው» አሉ። «ያለፈውም ዘበኛ፣ ከሱ በፊት የነበረውም፣ ሁሉም አጭደው ነው ወደ ቤት የሚወስዱት። ላሟ የኖረችው በዚያ ነው። ያ መኪና መጣና ሣሩን እንደ ትንባሆ ከታተፈው። አይታሰር፣ አይሸከሙት! መሬት ላይ በትኖት ይሄዳል። ላሟ ወተቷ ሲነጥፍ አላየሽም?»

አይታለች። የትንሽ ወንድሟ የጠዋት ወተት ከጠፋ ሰንብቷል።

«ለይልቃል ‹እንግዶቹ እስኪሄዱ ያዝልኝ› አልኩት። አሮጌ ብረት ማን ይፈልገዋል ብዬ! ዳይሬክተሩ በሰው ፊት ‹የት አለ?› ሲለኝ ጊዜ አፌ ተሳሰረ። ‹ተሰረቀ› አልኩ። ወላሂ፣ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።»

ሙሚና ተናደደች፣ አዘነችም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አልለየላትም። ሰኞ ሙሉ ቀን ስታለቅስ እሳቸው አጠገቧ ነበሩ እኮ! ግን የራሷም ጥፋት አለ።

«ጋሽ ይልቃል ናቸው የሰረቁት ብዬ ለሳህሊቱ የነገርኳት እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ለማኅበሩ ትናገራለች።»

«ይልቃል አይናገርም፣ ኢንታላ ኮ። ልጄ፣ እኔ አውቀዋለሁ። አደራ አይበላም።»

«እኔም አወቅኳቸው። የፈራሁትም ይህንኑ ነው፤ ዝም ብለው ይታሠራሉ።»

አካኮ ጂብሪል ሣሩን ለላሟ አቀረቡላትና ውዱእ ሊያደርጉ ተነሡ። በዚያ ምሽት ሙሚና ስንት ነገር አሰበች። «አላየሁም» ብትል፣ ሳህሊቱ ታምናት ይሆናል፤ አያቷ ግን ይባረራሉ። «አየሁት» ብላ ብትተወው፣ አያቷ ይድናሉ፤ ጋሽ ይልቃል ይታሠራሉ። እውነቱን ብትናገርስ? የገዛ አያቷን? አላህ ሆይ፣ ይህን ማንን ያማክሯል!

ዓርብ ጠዋት አያቷ በሩ ላይ ነበሩ፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው። ሰላም ስትላቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሳህሊቱ ከሰልፉ ወጥታ እየሮጠች መጣች።

«እህሳ? አየሽ?»

«አየሁ።»

«አላልኩሽም! በቃ ልሂድ—»

ሙሚና ክንዷን ያዘቻት። «አትሂጂ። የሰረቀ ሰው የለም። እኔ ለዳይሬክተሩ ነው የምናገረው፤ ከዚያ ለአንቺም እነግርሻለሁ።»

«ምንድን ነው የምትነግሪው? ምን ሆነሻል?»

ሙሚና ወደ ቢሮው አመራች። የሜዳውን እኩሌታ እንዳለፈች ከኋላዋ የከባድ ጫማ ኮቴ ሰማች። ዞር ስትል አካኮ ጂብሪል ናቸው፤ በሩን ወለል አድርገው ትተውት መጥተዋል። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርገው አያውቁም።

ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቆባቸውን አወለቁ።

«የምናገረው እኔ ነኝ። አንቺ ከኋላዬ ሁኚ» አሉ።

የዳይሬክተሩ በር ፊት ሲደርሱ ግን እጃቸውን አንሥተው ቀሩ። ሙሚና ከኋላቸው ወጥታ ከጎናቸው ቆመችና በሩን አንኳኳች።