የማህዲ ብይ

የማህዲ አስከሬን በሐይቁ ዳር፣ ቄጠማው መሀል ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። ኢንስፔክተር ጸዳለ ስትደርስ ታላቅ ወንድሙ ኑርዬ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር፤ ቀና ብሎም አላያት።

«ከቤት እንደወጣ በቀጥታ ጀልባ ላይ ወጣን» አለ ሲጠየቅ። «እሱ እንደ ልማዱ ጌሙ ላይ አቀርቅሯል። ማዕበሉ ሲያጋድለን የጀልባዋ ጠርዝ መታውና ወደቀ። ልደርስለት አልቻልኩም።»

ጌሙ ከጀልባዋ መቀመጫ ስር ተገኝቷል። መዳፍ የሚያህል መጫወቻ ነው፤ አዝራር የለውም። ወደ ፈለጉት ጎን እያዘነበሉ መስታወቱ ላይ የምትታየዋን ብይ በጉድጓዶች መሀል ይመሯታል። የቀኝ እጁን ጣቶች ወፍጮ ለወሰደበት ማህዲ የሚመቸው ይኸው ብቻ ነበር።

የመንደሩ ሰው ግን ሙሐመድሁሴንን ጠረጠረ። ሽማግሌው አሣ አጥማጅ ባለፈው ጁምዓ በመረብ መጣያ ቦታ ከማህዲ ጋር ተጣልተው ነበር።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አሏት ጸዳለን። «ዛሬ ግን ወደ ውሃው አልቀረብኩም። ከንጋት ጀምሮ ነፋሱ ሐይቁን ሲያተራምሰው ነው የዋለ። ማን ጀልባ ያወጣል?»

የሟች ሚስት ኢቲሳም መጫወቻውን ተቀብላ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ዛሬ ጠዋት ሲጫወት አይተሽዋል?» አለቻት ጸዳለ።

«ቁርሱን ትቶ ሲታገል ነበር። ‹የመጨረሻው መንገድ አቃተኝ፤ ዛሬ ግን አልለቀውም› ብሎኝ ወጣ።»

ጸዳለ መስታወቱን ነካች። ‹የመጨረሻው መንገድ ተጠናቋል› ይላል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሐይቁ ዳር ሰበሰበቻቸው። ነፋሱ ገና አልበረደም። መጫወቻውን ለኑርዬ ሰጥታ በታሰረችው ጀልባ ላይ ተቀምጦ እንዲሞክር ጠየቀችው። ብይዋ ወዲያው ጉድጓድ ገባች። ደገመ፤ ገባች።

«ጀልባዋ ባዘነበለች ቁጥር ብይዋም ትንከባለላለች» አለች ጸዳለ በዝግታ። «ማህዲ ከቤት ሲወጣ መንገዱን አልጨረሰም። ከመሞቱ በፊት ግን ጨርሶታል። በዚህ ማዕበል ላይ አይሆንም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። አንተ ደግሞ በቀጥታ ጀልባ ላይ ወጣን አልከኝ። መረብ ከምታሰጡበት አጠገብ ያለው ድንጋይ ታጥቧል፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን ደም ቀርቷል። ጋሽ ሙሐመድሁሴን ገድለውት ቢሆን አንተ ውሸት ባላስፈለገህ።»

ኑርዬ መጫወቻውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ነፋሱ መረቡን እየወሰደብኝ ነበር» አለ። «ገመዱን ያዝልኝ ብዬ ተጣራሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አልሰማኝም። ሄጄ ገፈተርኩት። ወላሂ፣ እንዲነሳልኝ ብዬ ነው። አባታችን ሲሞት አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ጭንቅላቱ ድንጋዩ ላይ አረፈ፤ አልተነሳም። ፈራሁ። ጀልባዋ ላይ ጭኜ ቄጠማው ጋ ውሃ ውስጥ ጣልኩት። ጌም ሲጫወት ውሃ ወሰደው ብል ሰው ሁሉ ያምነኛል አልኩ።»

ሙሐመድሁሴን «ኢና ሊላሂ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ኢቲሳም ወደ ጀልባዋ ተጠጋች።

«ከመግፋትህ በፊት ምንም አላለህም?»

ኑርዬ መጫወቻውን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

«ብሎኛል። ቀና ብሎ ሳቀ። የተሳለቀብኝ መሰለኝ። ‹ኑርዬ፣ አለፍኩት፤ ና እይልኝ› አለኝ። አላየሁለትም።»