ፊቷን የምታውቀው ሴት

«ዛሬ ልክ አስገባታለሁ!» አለች ጉንዳን ጥርሷን ነክሳ። ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«አቦ ምን ትጠብቂያለሽ? አፍርጪው! ትባረር!» እያለች በስልክ ታራግብላታለች፣ ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ። ጉንዳን የሚል ስም ያወጣችላትም እሷው ናት፤ አንዴ ከነከሰች አትለቅማ።

ቂሙ የአምና ነው። ያኔ እናቷ ለእርግዝና ክትትል በመጣች ቁጥር የምታያት አዋላጅ ትለያይ ነበር። አንዷ ያየችውን ሌላዋ አታውቅም። መጨረሻ ላይ እናቷ ፊቷ አብጦ፣ ራሷን እያመማት ስትመጣ ተረኛዋ አዋላጅ የደም ግፊቷን እንኳ ሳትለካ፣ «ውፍረት ነው እናቴ፣ እርግዝና እኮ ነው!» ብላ አብራት በመጣችው በጉንዳን ፊት እየሳቀች ወደ ቤቷ መለሰቻት። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። የተገዛለት ትንሽ አልጋ እስካሁን ተፈታትቶ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆሟል።

ዘንድሮ እናቷ እንደገና አረገዘች። አሠራሩም ተለውጦ አንዲትን እርጉዝ ከመጀመሪያ እስከ መውለጃዋ የምትከታተላት አንዲት አዋላጅ ሆነች። ባለፈው ወር ጉንዳን እናቷን አጅባ ስትመጣ ያንን ሳቅ ሰማችው። ያችው ሴትዮ! ደሟ ፈላ። ይባስ ብሎ እናቷ ከመጀመሪያው ታውቃት ኖሯል።

«እማዬ፣ እንዴት ዝም አልሽ?»

«ያኔ ያየችኝ አንድ ቀን ነው ልጄ። አሁን ግን ፊቴን ካንቺ በላይ ታውቀዋለች።»

ይህ መልስ ጉንዳንን እንዳንገበገባት ከረመ።

አሁን እናቷ ለቀጠሮዋ በኮሪደሩ ስታልፍ አዋላጇ በሯ ላይ አስቆመቻት።

«ቆይ ቆይ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር በይልኝ እስቲ። ይሄ የባለፈው ሳምንት ፊትሽ አይደለም። ቀለበትሽስ?»

«ጠበበኝና አወለቅሁት።»

«ራስሽን ያምሻል?»

«ከጠዋት ጀምሮ… ትንሽ።»

አዋላጇ አልሳቀችም። የደም ግፊቷን ለካች፤ ደግማ ለካች። ከዚያ «ግፊቷ በጣም ጨምሯል፣ አምቡላንስ ጥሩ!» ብላ ጮኸች።

ጉንዳን ክው አለች። ጠዋት ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ቁርስ በልታለች፤ ምንም አልታያትም ነበር።

«ቅሬታ አለኝ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለ ኃላፊው ከቢሮው ብቅ ብሎ።

«አሁን አይደለም!» ብላው ሮጠች።

አምቡላንሱ ውስጥ ጉንዳንና አዋላጇ ከእናቷ ግራና ቀኝ ተፋጠው ተቀመጡ።

«አምና ‹ውፍረት ነው› ብለሽ የመለስሻት አንቺ ነሽ» አለች ጉንዳን። ትልቅ ሰውን አንቺ ማለቷ ቅንጣት አልቆጫትም።

«እኔ ነኝ» አለች አዋላጇ። «ሰልፉ በዝቶብኝ ሳልለካት መለስኳት። አልረሳሁትም።»

ጉንዳን የጠበቀችው ክህደት ነበር። ለዚያ ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ለዚህ አልሆነም፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ የማዋለጃ ክፍሉ ጥበቃ በሩ ላይ እጁን ዘረጋ።

«አብሯት የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው! ማነው?»

እናቷ ከተንቀሳቃሹ አልጋ ላይ ቀና ብላ ጉንዳንን አየቻት። ጉንዳን የልብሱን ቦርሳ ጨብጣ ወደ በሩ ተራመደች። ከዚያ ቆም አለች። ውስጥ ያሉት ሐኪሞች እናቷን ሲያዩ ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው። ቦርሳውን አዋላጇ ላይ ወረወረችው።

«አንቺ ግቢ። ዓይንሽን ከፊቷ ላይ እንዳትነቅዪ!»

«እሺ።»

«ይቅር አላልኩሽም።»

«አውቃለሁ» ብላ አዋላጇ አልጋውን ተከትላ ገባች።

ጉንዳን ከተዘጋው በር ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ጠራ።

«እሺ፣ ሴትየዋ ተባረረች?» አለች ጓደኛዋ።

«ሥራ ላይ ናት» አለችና ዘጋችው።