ጥቁሩ ቅባት

ዛሬ የሚታጠብ ጨርቅ የለም።

አሲያ የጓሮውን ገመድ ደጋግማ አየችው። ትናንት ያሰጣቻቸው ስምንቱ ጨርቆች እንዳሉ ናቸው፤ የሚያነሳቸው ጠፍቶ ነፋስ ያርገበግባቸዋል። ባለፈው ሳምንት «ይሄ ልጅ ከሽንት ሌላ ሥራ የለውም እንዴ?» እያለች ስታጉረመርም እህቷ መብሩካ ትስቅባት ነበር። ከትናንት ከሰዓት ወዲህ ግን ኑሩ ያረጠበው አንድ ጨርቅ ነው፤ እሱም ጥቂት ቢጫ ነገር ነካው እንጂ ረጠበ አይባልም። ከልብስ አጠባ ስላረፈች ደስ ሊላት በተገባ። ግን ደስ አላላትም።

ኑሩ የመብሩካ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለት ቀኑ። መብሩካ እንደ ወጉ ለመውለድ ከባሏ ቤት ወደ እናቷ ቤት፣ ሰበታ መጥታ ጓዳ ውስጥ ተኝታለች። አርባ ቀኗ ሳይሞላ ደጅ አትወጣም። እሷን ለማረስ አሲያም ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ የሚቀርባት ትምህርት ብዙ ነው፤ ግን አሁን እሱን ማን ያስባል።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ነው። የመብሩካ ግራ ጡት ቀልቶ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ጫፉም ተሰነጠቀ። ኑሩ በጎረሰ ቁጥር መብሩካ ጥርሷን ትነክሳለች። እናታቸው ሳትሰማ አሲያን ጠርታ ጤና ጣቢያ ላከቻት። ለነርሷ፣ ለሲስተር የሺወርቅ፣ በጆሮዋ እንድትነግራት አደራ አለቻት። ሴት ለሴት ነው፤ ምን ችግር አለው።

ችግሩ፣ ሲስተር የሺወርቅ በዚያ ቀን አልነበረችም። በሩ ላይ የተቀመጠው ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ተድላ ነው። ድሬሰር ተድላ በየማታው ከአባቷ ሱቅ ሲጋራ ይገዛል። አሲያን ሲያያት ድምፁን ከፍ አድርጎ የዲኖ ልጅ ምን ልትሆን እንደመጣች ጠየቃት። ከኋላዋ ሰልፉ ረጅም ነው። ይባስ ብሎ እጁን በፋሻ የጠቀለለ ወንዳፍራሽ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ወንዳፍራሽ የክፍሏ ልጅ ነው፤ ሥራው ለሰው ስም ማውጣት። አንድ ልጅ አንድ ቀን ተሳስቶ መምህሩን «እማዬ» ቢል፣ ዓመቱን ሙሉ «እማዬ» እየተባለ ከረመ።

አሲያ አፏን ከፈተች። ቃሉ እምቢ አላት።

«እህቴን እባጭ ወጥቶባት ነው» አለች። የት ላይ ሲላት «ክንዷ ላይ» አለች።

ድሬሰሩ በትንሽ ቆርቆሮ ጥቁር ቅባት ሰጣት፤ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል። በቀን ሁለቴ ይቀባ አላት። ቤት ስትደርስ መብሩካ ሲስተሯ ናት ወይ የሰጠችሽ ብላ ጠየቀቻት። አሲያ «አዎ» አለች። አንዴ ከዋሸች በኋላ ሁለተኛው ምንም አልከበዳትም።

ሲስተሯ የሰጠችው መድኃኒት ነው ብላ መብሩካ በደንብ አድርጋ ቀባችው። ቀኙንም እንዳይጀምረው ብላ ሁለቱንም ቀባች። ከዚያ ወዲህ ኑሩ ጡት ሲቀርብለት ከቅባቱ ሽታ የተነሳ ፊቱን ያዞራል፤ ያለቅሳል፤ ደክሞት ይተኛል። እሁድ እንዲህ ሆነ፤ ሰኞም እንዲህ ሆነ። ዛሬ ማክሰኞ ለቅሶውም ቀጥኗል። መብሩካን ደግሞ ትኩሳት ያንቀጠቅጣታል።

እናቷ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ በአንድ ሌሊት ያረጀ መስሏል። የልጁ እንጥል ወርዶበት ነው፣ ለዚህ ነው አልጠባም ያለው አለችና አሲያ ሮጣ ኦቦ ጃራን እንድትጠራ አዘዘቻት።

ኦቦ ጃራ እንጥል ቆራጭ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲያገኟት «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ»፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ሳይሏት አያልፉም። የአሲያንም እንጥል የቆረጡት እሳቸው ናቸው። እሷ አታስታውሰውም፤ እናቷ ግን እስከ ቀትር ደም አልቆም ብሎ እንደነበር አንድ ጊዜ አጫውታታለች። አሲያ ያን ጊዜ ወፍራም የአንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ኑሩ ግን በሁለት መዳፍ ይታቀፋል።

«እማዬ፣ እንጥሉ ባይሆንስ?» አለች አሲያ።

«ታዲያ ምኑ ነው?»

መልሱን አሲያ ታውቀዋለች። እናቷ፣ ዓይኗ እንባ አዝሎ፣ መልሷን ጠበቀች። አሲያ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ፈሪ ናት፤ ራሷም ታውቀዋለች።

የጅማ መንገድ ላይ ስትደርስ ቡና የጫኑ መኪናዎች እስኪያልፉ ቆመች። በግራ ወርዳ ወንዙን ብትሻገር የኦቦ ጃራ ቤት ነው። በቀኝ ጤና ጣቢያው ነው። መኪናዎቹ አለፉ፤ አቧራውም ረጋ፤ አሲያ ግን እንደቆመች ናት። ምላጩን አሰበች። የኑሩን አፍ አሰበች፤ ሲያዛጋ እንኳ ጣት አያስገባም። በቀኝ ሄደች።

ሰልፉ ያው ነው። ወንዳፍራሽም ፋሻውን ሊያስቀይር መጥቷል።

«አሲያ፣ ክንዳችሁ እንዴት ሆነ?» አላት እየሳቀ።

አልመለሰችለትም። ተራዋ ሲደርስ ድሬሰር ተድላም እባጩ ፈረጠ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ክንዷ አይደለም፣ ጋሽ ተድላ» አለች። ድምፏ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ጡቷ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ጡቷን በቅባቱ ቀብታዋለች፤ ልጁም ሦስት ቀን ሊሆነው ነው አልጠባም ካለ። ከትናንት ጀምሮ አልሸናም።»

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት። ፊቷ በእሳት የተለበለበ መሰላት። ድሬሰር ተድላ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ ካርዱ ላይ አቀረቀረ። ትልቅ ሰው ሆኖ እሱም አፈረ። ወንዳፍራሽ ፋሻውን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ነገ ክፍል ውስጥ ምን ብሎ እንደሚጠራት አላህ ይወቀው።

ድሬሰሩ እንዳቀረቀረ ነገራት። ቅባቱ በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ይልቀቅ። ወተቱ በእጅ ይታለብና ለልጁ በማንኪያ ጠብ ጠብ ይደረግለት።

«ከዚህ በላይ እኔ አልችልም» አለ። «እኔ ቁስል ነው የማውቀው። ልጁ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚጎርስ በእጇ ይዛ የምታሳየው ሲስተሯ ናት። ማክሰኞ ቡራዩ፣ ረቡዕ ሱሉልታ፣ ሐሙስ ነው እዚህ የምትመጣው።»

«ልጁ እስከ ሐሙስ ድረስ ይቆያል?»

ድሬሰሩ ቀና ብሎ ሰዓቱን አየ። ሲስተሯ ዛሬ ቡራዩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምትሠራ ነገራት። ግድግዳው ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ሥር የተሰቀለው ሰዓት አምስት ይላል።

ቡራዩ ለመድረስ አዲስ አበባ ገብቶ እንደገና መውጣት ነው። እናቷ አራስ ከቤት አታስወጣም። ይህን ሊያዝዝ የሚችለው አባቷ ብቻ ነው። አባቷ ግን መብሩካ ከወለደች ጀምሮ ጓዳ አልገባም፤ እንዲህ ያለ የሴት ነገር ለእሱ አይነገርም፤ ማንም ነግሮት አያውቅም።

አባቷ ሱቁ ውስጥ ስኳር ይመዝናል። ሁለት ሰዎች ባንኮኒው ላይ ተደግፈዋል። አሲያ እስኪሄዱ ልትጠብቅ አሰበች። ከዚያ ሌላ ሦስተኛ ሰው ሲገባ አየች።

«አባባ» አለች፤ ሁሉንም ነገረችው። ስለ ጡቱ፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ውሸቷ፣ ሳትጠራቸው ስለቀሩት ስለ ኦቦ ጃራ። ሰዎቹ ወደ ውጭ አዩ። አባቷ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረና እዚያው ቆየ። አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። በመጨረሻ ኮፍያውን ከምስማሩ አነሳ።

«እናትሽን እኔ አናግራታለሁ። መኪና ካገኘሁ እንሄዳለን።»

ካገኘሁ ነው ያለው። ማክሰኞ ከሰበታ ባዶ መኪና ማግኘት ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ አሲያ ታውቃለች።

ቤት ስትደርስ እናቷን ለአባቷ ትታ፣ ማንንም ሳታናግር ውኃ አሞቀች። ገንዳውንና ሳሙናውን ይዛ ጓዳ ገባች። ኑሩ ከመብሩካ ጎን ተኝቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። እጇን ከሥሩ አስገብታ ጨርቁን ዳሰሰችው። ደረቅ ነው።

መብሩካ ዓይኗን ገለጠች። ሳሙናውን አየችና ተስፋ ያደረገች መሰለች።

«ሲስተሯ ጋ ሄድሽ? ምን አለችሽ?»

እጠቡት ብላለች ማለት ይቻላል። ቀላል ነው፤ ቅባቱም ይታጠባል፤ መብሩካም መቼም አታውቅም። አባቷም ቢሆን የሚነግራት አይመስልም። አሲያ ገንዳውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ሲስተሯን አግኝቻት አላውቅም፣ መብሩካ» አለች። «ቅዳሜም አላገኘኋትም።»

የቀረውንም ለመናገር ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠችና ጨርቁን ሞቅ ባለው ውኃ ነከረችው።